«ልጁስ?»፦ የተደበቁት ፍጡራን ቀልድ በሐይቅና በአምባሰል አንባቢዎች ፊት

ሳቅን ላጠና ተነሥቼ ነበር። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ የመረጥሁት ጉዳይ፣ ዊልያም ሼክስፒር የደረሰውና እ.ኤ.አ. በ1600 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው፣ በዐይን የማይታዩ ፍጡራንና ሰዎች በአንድ ጫካ ውስጥ በፍቅር የሚደናበሩበት አስቂኝ ተውኔት በአገሬ ሰው ዘንድ እንዴት እንደሚነበብ መመርመር ነበር። አገሬ ስል ሰፊውን ኢትዮጵያ ማለቴ አይደለም፤ ተወልጄ ያደግሁባትን የሐይቅን ከተማና ከእርሷ በስተ ሰሜን ወደ ውጫሌ የሚወስደውን የአምባሰልን ምድር ማለቴ ነው። ጥናቱ ገና አላለቀም። እዚህ የማቀርበውም ውጤቱን ሳይሆን፣ በመካከሉ ያጋጠመኝንና የተነሣሁበትን ጥያቄ ያስለወጠኝን ነገር ነው።

ሼክስፒር ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ከበደ ሚካኤል ሮሜዎንና ዡልዬትን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ ኦቴሎን፣ ማክቤዝንና ሐምሌትን በአማርኛ አቅርበውልናል። በእነዚህ ሥራዎች ያደገ አንባቢ ደራሲውን የሚያውቀው በመርዝና በጎራዴ፣ በክህደትና በሞት በኩል ነው። ያንኑ ደራሲ በአህያ ጆሮና በአበባ ጭማቂ በኩል ቢያገኘው ምን ይል ይሆን? ጉጉቴ ይህ ነበር። ስለዚህ ተውኔቱን ወደ ዝርው ታሪክ ለውጬ በአማርኛ ጻፍሁትና ለሚያነብ እየሰጠሁ፣ ለማያነብ እያነበብሁ አስተያየት መሰብሰብ ጀመርሁ።

ርእሱን «የሰኔ ሌሊት ሕልም» አልሁት። በቀጥታ ቢተረጐም «የበጋ እኩሌታ ሌሊት» መሆን ነበረበት። ነገር ግን የእንግሊዞች የበጋ እኩሌታ የእኛ ሰኔ 17 ቀን ነው። በጋ ብል አንባቢዬ ጥርንና የካቲትን፣ ውድማንና አቧራን ያስባል። ሰኔ ስል ግን ሰማዩ የሚከብድበትን፣ ገበሬው ቀና እያለ ወደ ላይ የሚያይበትን ወር ያስባል። ይህች ትንሽ ምርጫ ኋላ ያልጠበቅሁትን ነገር ስላመጣችብኝ እመለስባታለሁ።

ታሪኩን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልንገር። በአቴና ከተማ ሄርሚያ የምትባል ልጅ አባቷ የመረጠላትን ድሜጥሮስን ትታ ከምትወድደው ከሊሳንደር ጋር ወደ ጫካ ትጠፋለች። ድሜጥሮስ ይከተላታል፤ ድሜጥሮስን የምትወድደው ሄሌና ደግሞ እርሱን ትከተላለች። በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ጫካ፣ የማይታዩት ፍጡራን ንጉሥ ኦቤሮንና ንግሥቲቱ ቲታንያ ተጣልተዋል። ንጉሡ ፓክ የተባለውን ተንኮለኛ አገልጋዩን ልኮ፣ በተኛ ሰው ዐይን ላይ ሲፈስ ነቅቶ መጀመሪያ ያየውን የሚያስወድድ የአበባ ጭማቂ ያስመጣል። ፓክ ጭማቂውን ላልታዘዘበት ሰው ያፈስሰዋል፤ ነገሩን ለማቃናት ለሁለተኛው ሲፈስለት ደግሞ ሁለቱም ጎልማሶች ሄርሚያን ትተው በሄሌና ይነደፋሉ። ለመስፍኑ ሠርግ ትርኢት የሚለማመድ ቦተም የተባለ ሸማኔ የአህያ ራስ ይበቅልበታል፤ ንግሥቲቱም ስትነቃ መጀመሪያ ያየችው እርሱን ስለሆነ በፍቅሩ ታብዳለች። ሲነጋ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ሦስት ሠርግ ይደገሳል። ንጉሡና ንግሥቲቱ የተጣሉት ስለ አንድ ልጅ ነው። ይህን የመጨረሻውን ነገር በመጀመሪያው ረቂቄ ልክ እንዲህ በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፌው ነበር።

አማካሪዬ ያንን ረቂቅ ሲመልስልኝ በኅዳጉ ላይ «የተነበበለት ሰው አንባቢ ነውን?» ብሎ ጽፎበታል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር፤ ተውኔቱ ሲደረስ ከነበሩት ታዳሚዎች ብዙዎቹ ፊደል የማያውቁ ነበሩ፤ በእኛም አገር መጽሐፍ ከዐይን በፊት በጆሮ ይገባል። የቆሎ ተማሪው ንባቡን ጮኾ ነው የሚማረው፤ መንዙማውንም ከመጽሐፍ ይልቅ ከአፍ የወረሰው ይበዛል። አማካሪዬ መልሱን ሙሉ በሙሉ የተቀበለ አልመሰለኝም፤ ግን እንድቀጥል ፈቀደልኝ።

ከሁሉ አስቀድሞ ያስቸገረኝ የፍጡራኑ ስም ነው። በአማርኛ አቻ የለውም የሚል ሰው ቢኖር ስሕተት ነው፤ ችግሩ አቻው መብዛቱና እያንዳንዱ የራሱ ባለቤት ያለው መሆኑ ነው። «ጋኔን» ብላቸው ጠበል የሚያስፈልጋቸው ይሆናሉ። «ጂኒ» ብላቸው ቁርአን ያነሣቸውን ፍጡራን ለቀልድ አቅርቤያለሁ ማለት ነው። «አድባር» ብላቸው ዛፍ ሥር ቡና የሚፈላላቸው የቦታ ጠባቂዎች ይሆናሉ። «ቆሌ» የቤትና የወገን ነው። «ዛር» ደግሞ ዕዳ ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ፣ ግብሩ ሲጓደል የሚቆጣ። ብዙ አውጥቼ አውርጄ «ስውራን» የሚለው ላይ ረጋሁ። ቃሉ ያምራል፤ ለጽሑፍም ይመቻል።

ረቂቁን ሐይቅ ለሚኖሩ፣ ቅኔ ላስቈጠሩ አንድ መሪጌታ ሰጠኋቸው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁና፦

«ልጄ፣ ስውራን እኮ ቅዱሳን ናቸው። ዓለምን ንቀው ከሰው ዐይን የተሰወሩ። አንቺ አህያ ታስወድጃቸዋለሽን?» አሉኝ።

ደነገጥሁ። የስውራንን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁት ኖሬ ሳለ፣ የቃሉ ውበት አሳውሮኝ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እርሳቸው ግን አልተቈጡም፤ ጥቂት አሰቡና «ስውራን ወደው የተሰወሩ ናቸው። የአንቺዎቹ ወደው አይመስለኝም። የተደበቁት በያቸው» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ «የተደበቁት» አልኋቸው። በአምባሰል ምድር፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ቦታ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛ ሌላ፣ በጣልያንኛ ሌላ ሆኖ እስከ ዓድዋ ድረስ እንደ ወሰደን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው፣ አንድ ቃል ሲተረጐም እንዲህ ማስጨነቁ አይደንቀውም።

የመሪጌታው ቃል ሌላም በር ከፈተልኝ። ስለ ዛር አመጣጥ በአገራችን የሚነገር ተረት አለ። ሔዋን 30 ልጆች ወልዳ ነበር። ፈጣሪ ልጆቿን ሊያይ በመጣ ጊዜ እንዳይቈጠሩባት ፈርታ የሚያምሩትን 15ቱን ደበቀቻቸው። እርሱም የደበቅሻቸው ተደብቀው ይኑሩ አላት፤ ዛሮች የእነዚያ ዘር ናቸው ይባላል። ይህንኑ ተረት በሌላ መልኩ ያገኘሁት ከእኛ እጅግ በራቀችው በአይስላንድ ነው። ዮን አርናሶን የተባለ ሰው ሰብስቦ እ.ኤ.አ. ከ1862 እስከ 1864 ባሳተመው የአገሩ ተረቶች ስብስብ ውስጥ፣ በአውሮፓ ሰሜን ሕዝብ ዘንድ በድንጋይና በኰረብታ ውስጥ ይኖራሉ የሚባሉት ፍጡራን ሔዋን ከፈጣሪ የደበቀቻቸው ልጆች ዘር ናቸው። ልዩነቱ የተደበቁበት ምክንያት ነው። የአይስላንዷ ሔዋን የደበቀቻቸው ገና ያላጠበቻቸውን ነው፤ አፍራባቸው ነው። የእኛዋ ግን የደበቀቻቸው የሚያምሩትን ነው፤ ሳስታባቸው ነው። አንዱ ተረት ከሌላው ተወስዷል ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ለማለትም አልፈልግም። ለእኔ የከበደብኝ ይህ ነው፦ በእኛ ተረት የተደበቁት ከእኛ የሚበልጡ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። በባዕድ መቀለድና በወንድም መቀለድ አንድ አይደለም።

የሐይቅ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይህ ሁሉ አላስጨነቃቸውም። የሳቁትን ያህል ሌላ ማንም አልሳቀም። ሄሌና ድሜጥሮስን እየተከተለች ስትለምነው፣ እርሱ ሲያመናጭቃት፣ እርሷ ስትብስባት፣ «ስልኳን አያነሣላትም ማለት ነው» እያሉ በሳቅ ፈረሱ። የአበባውን ጭማቂ በምን ቃል ልግለጸው ብዬ ስጨነቅ የከረምሁበትን ነገር አንዲት ተማሪ ባንድ አፍታ ጨረሰችው፤ «መስተፋቅር ነዋ!» አለች። ይህችው ልጅ ታሪኩ ካለቀ በኋላ እጇን አንሥታ የተናገረችውን በማስታወሻዬ እንዳለ አስፍሬዋለሁ፦ «ሊሳንደር መፍቻው ተደርጎለታል። ድሜጥሮስ ግን አልተፈታም። ሄሌና ያገባችው እርሱን ነው ወይስ መስተፋቅሩን?» ከእንግሊዝኛ መጻሕፍት ብዙ ገጽ አገላብጬ ያገኘሁትን ነጥብ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በጠራራ ፀሐይ አስቀመጠችልኝ። ልጆቹ በዚህም ሳቁ። እርሷ ግን አልሳቀችም።

በሸማኔው ታሪክ ሁሉም ይስቃል ብዬ እርግጠኛ ነበርሁ፤ እውነትም ብዙዎቹ ሳቁ። ንግሥቲቱ የአህያ ጆሮ እያሻሸች ስታቆላምጠው፣ እርሱ ደግሞ ድርቆሽ ሲያምረው፣ ከውጫሌ ገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሳይቀሩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተንፈቀፈቁ። አንድ ወጣት ብቻ ፊቱን አላፈታም። ልብስ ሰፊ ነው፤ አያቱ ሸማኔ ነበሩ። ሰዎቹ ሲበተኑ ጠጋ ብሎ «ሌላ ሥራ አላገኘሽለትም?» አለኝ። ሼክስፒር ራሱ ሸማኔ እንዳደረገው ነገርሁት። «እርሱ አገር ሸማኔ አውሬ ይሆናል ይባላል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በእኛ ምድር ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸክላ የምትሠራው «ባለ እጅ» እየተባሉ ከኖሩበት ንቀት ጋር ሌሊት ጅብ ይሆናሉ የሚል ሐሜት ተለጥፎባቸው ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ እስከ መገሠጽ ደርሰው ነበር፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ ዕድሜው ረዘመ። እንግሊዛዊው ታዳሚ በሸማኔ ራስ ላይ የአህያ ራስ ሲያይ የሚያየው ጅልነትን ነው። የእኔ ልብስ ሰፊ ያየው የአያቱን ስም ነው። ቦተምን አናጢ ላደርገው ለሁለት ሳምንት ያህል አሰብሁ። በመጨረሻ አልለወጥሁትም፤ ግን የወጣቱን ጥያቄ በጥናቱ ውስጥ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቼዋለሁ።

አሁን ወደ ሰኔ ልመለስ። በተውኔቱ ሁለተኛ ገቢር ንግሥቲቱ ባሏን ስትወቅሰው፣ በእነርሱ ጠብ ምክንያት ወንዞች ከመሬታቸው ወጥተው እንደሞሉ፣ እህሉ ሳያፈራ እንደ በሰበሰ፣ የበሬው ድካም ከንቱ እንደቀረ፣ ወቅቶች ልብሳቸውን ተለዋውጠው ሰው የትኛው ወር እንደሆነ እንደጠፋው ትናገራለች። ብዙ አዘጋጆች ረዘመ ብለው ከመድረክ የሚያሳጥሩት ክፍል ነው። እኔም ላሳጥረው አስቤ ነበር። በአምባሰል አንድ ቤት ቡና እየተጠጣ ሳነብበው ግን ጨዋታው ቆመ። የቤቱ አባወራ፣ በ1966ም በ1977ም ሰው የነበሩ ሽማግሌ፣ «እስቲ ድገሚው» አሉኝ። ደገምሁት። «ይኸ ሰውዬ ገበሬ ነበር?» አሉ። አልነበረም፤ የጓንት ሠሪ ልጅ ነበር አልኋቸው። «እንግዲያ ከገበሬ ተቀምጦ ሰምቷል» አሉና ዝም አሉ። ቀጥለው እንዲህ አሉ፦ «እነርሱ ሲጣሉ እኛ እንራባለን። ቀልዱ እዚህ ላይ አይገባኝም፤ ሌላው ግን ጥሩ ነው፤ አንብቢ።»

በዚህ ጊዜ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሁለት ዓምድ ነበረኝ፤ አንዱ «የሳቀበት ቦታ»፣ ሌላው «አስተያየት» የሚል። ከዚያ ምሽት በኋላ ሦስተኛ ጨመርሁ፤ «ዝም ያለበት ቦታ»።

ከዚህ ተነሥቼ የእኛ ሰው በተደበቁት አይቀልድም ብዬ ልደመድም ነበር። ችኩል ድምዳሜ ነበር። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ከርሞ የዛር ሥርዓትን በቅርብ ተከታትሏል፤ በ1958 ያሳተመውም መጽሐፍ ስለ ሥርዓቱ ቴአትራዊ ገጽታ የሚናገር ነው። ዛሩ በሰፈረባት ሴት አፍ ይፎክራል፣ ያሽሟጥጣል፣ ሽቶና ልብስ ይጠይቃል፤ የተሰበሰበውም ይስቃል። እንግዲህ ሳቅ አለ። ነገር ግን የሚሳቀው አብሯቸው ተቀምጦ፣ ቡናው ቀርቦ፣ እየሰሙ ነው። በሌሉበት አይደለም። የለንደን ታዳሚ የሳቀው በሌሉበት መሰለኝ። ሬጂናልድ ስኮት የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1584 በጻፈው መጽሐፍ፣ ያው ፓክ የሚባለው ፍጡር ከመቶ ዓመት በፊት ሕዝቡን ያስፈራ እንደነበረና በእርሱ ዘመን ግን የሚፈራው እየቀነሰ እንደመጣ ይመሰክራል። ሼክስፒር የተቀበለው ፍርሃቱ የወጣለትን ፓክ ነው። ከዚያም የንግሥቲቱን አሽከሮች የሰናፍጭ ፍሬና የሸረሪት ድር የሚሉ ስሞች ሰጥቶ ይበልጥ አሳነሳቸው።

እናቴን የጥናቱ ተሳታፊ አድርጌ አላሰብኋትም ነበር። እኔ ማታ ማታ ረቂቁን ጮክ ብዬ ሳርም እርሷ ስፌቷን እየሰፋች ትሰማለች፤ ይኸው ነው። አንድ ቀን ማታ ንግሥቲቱ ልጁን ለምን እንደማትሰጥ የምትናገርበት ቦታ ደረስሁ። የልጁ እናት ወዳጇ ነበረች። በሕንድ አገር፣ በባሕሩ ዳር፣ በአሸዋው ላይ ሁለቱ አብረው ይቀመጡ ነበር። ነፋስ የነፋቸውን የመርከብ ሸራዎች እያዩ «እነዚህም አርግዘዋል» እያሉ ይሳሳቃሉ። ያችም ወዳጇ እርጉዝ ነበረችና የመርከቡን አካሄድ እየመሰለች ትሄድላታለች። ግን ሟች ነበረችና በወሊድ ሞተች። ንግሥቲቱ ስለ እርሷ ብዬ አሳድገዋለሁ፣ ስለ እርሷም ብዬ አልለየውም ትላለች።

የእናቴ ወስፌ ቆመ። አልፌ አነበብሁ። ጭማቂው ፈሰሰ፤ አህያው ተወደደ፤ ጎልማሶቹ ተደባደቡ፤ ነጋ፤ ተጋቡ። መጨረሻ ላይ ቀና ብላ «ልጁስ?» አለችኝ።

«የቱ ልጅ?»

«የሟቿ።»

«ንግሥቲቱ ለንጉሡ ሰጠችው።»

«መቼ? አልሰጥም አላለችም?»

ገጹን መልሼ ፈለግሁት። በአራተኛው ገቢር፣ ንጉሡ ለፓክ በሚናገረው በጥቂት መስመር ውስጥ አለ፤ በጭማቂው ደንዝዛ ሳለች ልጁን ለመናት፤ ወዲያው ሰጠችው። ከዚህ በቀር የለም። ልጁ አንዲት ቃል አይናገርም፤ በተዋንያኑ ዝርዝር ውስጥም ስሙ የለም።

«እንግዲያ በመድኃኒት ነጠቋት እንጂ አልሰጠችም» አለች እናቴ። ትንሽ ቈይታም «እርሱን ማን ጠየቀው?» አለች።

አንባቢዬ ይህን እንዲረዳልኝ ስለ ቤታችን አንድ ነገር መናገር ይኖርብኛል። ታናሽ ወንድም ነበረኝ። እኔ ዐሥር፣ እርሱ ሰባት ዓመታችን ሳለ ከሰፈር ልጆች ጋር ሊታጠብ ወርዶ ሐይቁ አስቀረው። ውኃው ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ የተገኘው በሦስተኛው ቀን ነው። ልቅሶ የመጡት ሁሉ «ባሕሩ ወሰደው» ይሉ ነበር። አንዲት አሮጊት ደግሞ «ቆንጆ ስለነበር ወደዱት» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለማጽናናት ነው። እናቴ በዚያ ጊዜ እሺም አላለች፣ አይሆንምም አላለች። በቤታችን ከዚያ ወዲህ ልጅ ቆንጆ ነው አይባልም። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ በማይታዩ ፍጡራን ስለተወሰደ ልጅ የሚናገር ተውኔት ለሁለት ዓመት ያህል ይዤ ስዞር፣ ልጁን አንድም ቀን አላየሁትም ነበር። የእናቴ ዐምድ በደብተሬ ውስጥ ባዶ ነው፤ አልሳቀችም፣ ዝም አላለችም፣ ጠየቀች።

የሐይቃችን አመጣጥ በሚነገርበት አፈ ታሪክ ውስጥም በውኃ ዳር የተቀመጠች እርጉዝ አለች። አንዲት ልዕልት እርጉዝ ሴት በደለች ይባላል። ፈጣሪም በግፉ ተቈጥቶ በእርጉዟ ዙሪያ ያለውን ምድር ሁሉ ውኃ አደረገው፤ ልዕልቲቱና ወገኖቿ ሰጠሙ። እርጉዟ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ፤ ዛሬ ከየብሱ ጋር ተያይዟል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ገዳማቸውን ያቀኑት፣ ብዙ መምህራንም የወጡት ከዚያ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገባም፤ እርጉዟ የተቀመጠችበትን ቦታ እኔ ከሩቅ እንጂ ረግጬው አላውቅም። ይህን ለማማረር አልጻፍሁትም። ግን አፈ ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ስለ ልዕልቲቱና ስለ ውኃው እንጂ ስለ እርጉዟ ልጅ የጠየቀ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ተወልዶ ይሆን? በዚያች ቁራሽ መሬት ላይ፣ ዙሪያውን ውኃ ከብቦት?

ወደ መጻሕፍቱ የተመለስሁት ይህን ይዤ ነው። የዚህ ተውኔት አንባቢዎችና ተመልካቾች አስተያየት ከጥንት ጀምሮ የተከፋፈለ ነው። የለንደኑ ሳሙኤል ፒፕስ እ.ኤ.አ. መስከረም 29 ቀን 1662 አይቶት ሲመለስ በዕለት ማስታወሻው ላይ በሕይወቱ ካየው ሁሉ የባሰ ቅራሪ ነገር ብሎ አጣጣለው፤ ሁለተኛ እንደማያየውም ጻፈ። ዊልያም ሃዝሊት በ1817 ሲነበብ የሚያስደስት፣ መድረክ ላይ ሲወጣ ግን የሚደርቅ ሥራ አደረገው። ፖላንዳዊው ያን ኮት በ1960ዎቹ ደግሞ ሳቁን ገፍፎ ከሥሩ ጭካኔና ጨለማ አወጣበት። ሦስቱም ስለ ልጁ አይጨነቁም። በእኔ ሚዛን የኮት ንባብ ከሁሉ ይበረታል፤ ነገር ግን ጨለማውን የፈለገው በአህያውና በንግሥቲቱ አልጋ ላይ ነው። በቅርብ ዐሥርት ዓመታት ልጁን ያነሡ ምሁራን ተነሥተዋል፤ ሕንዳዊ መሆኑን ይዘው ስለ ባሕር ማዶ ንግድና ስለ ቅኝ ግዛት ጽፈዋል፤ በመድረክም ልጁን አምጥተው የሚያሳዩ አዘጋጆች ብዙ ናቸው። እነዚህን ጽሑፎች ያነበብኋቸው ከእናቴ ጥያቄ በኋላ ነው። ቀድሜ ባነብባቸው ኖሮ እንደ አንድ የንድፈ ሐሳብ ነጥብ መዝግቤያቸው አልፍ ነበር።

ልጁን የሚጠራበት የእንግሊዝኛ ቃል ራሱ፣ የማይታዩት ሲነጥቁ በምትኩ የራሳቸውን ትተው የሚሄዱበትን እምነት የያዘ ነው። በዚያ አገር ከሲታ ሆኖ የቀረ፣ ቃል ያልፈታ፣ ድንገት የተለወጠ ልጅ ያላት እናት በዚህ ተጽናንታለች፤ በዚህም ተሠቃይታለች። በመጀመሪያው ታዳሚ መካከል እንዲህ ያለች አንዲት ሴት ቆማ አልነበረም ብሎ የሚከራከረኝ ሰው የለም። ሳቀችም አልሳቀችም፣ አስተያየቷን የጻፈላት የለም።

የጥናቴ ጥያቄ አሁን «ለምን ይሳቃል?» የሚል አይደለም፤ «ሳቁ የት ላይ ይቆማል፣ የሚያቆመውስ ማን ነው?» የሚል ሆኗል። አማካሪዬ ጠባብ ሆነ ብሎኛል። ምናልባት ልክ ነው።

ባለፈው የትምህርት ዘመን ማብቂያ የሐይቅ ተማሪዎች ታሪኩን በክፍላቸው ውስጥ ለሰፈሩ ሰው አነበቡት፤ ሚና ተከፋፍለው፣ ወረቀት ይዘው። የሚነበብ ቃል ያልደረሰው አንድ አጭር ልጅ ቀርቶ ነበርና «እኔ ልጁን ልሁን» አለ። የሚለው ነገር እንደሌለው ነገርሁት፤ ግድ የለኝም አለ። በንጉሡና በንግሥቲቱ መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ገቢር ቆሎ ሲቆረጥም ቆየ። ሄሌና ስትሮጥ ሳቁ፤ አህያው ሲመጣ ሳቁ፤ ልብስ ሰፊው እንኳ ፈገግ ሲል አይቻለሁ። ዐይናቸው ግን እየተመለሰ ልጁ ላይ ነው። ኦቤሮን እጁን ይዞ ሲያስነሣው፣ ልጁ ቆሎውን በኪሱ ከትቶ ተከተለው። ፊት ለፊት የተቀመጠች ሕፃን «የት ወሰዱት?» ብላ ጮኸች፤ ማንም አልመለሰላትም፤ አንባቢው ተማሪም መስመሩ ጠፍቶት ጥቂት ዝም አለ።

ቆሎውን የቆላችው እናቴ ናት። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ሠርጉ ላይ ሲደረስ ዞሬ ስፈልጋት ወጥታለች።